ከፊርማ እስከ ነጋሪት ጋዜጣ፦ የፀረ ሽብር ስምምነቶች የሚያድሩበት መሳቢያ

(ይህ ጽሑፍ ለሕግና ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክየዋለሁ። «ዓ.ም.» ያልኩበት ቦታ የእኛ አቆጣጠር ነው፤ የቀሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ? ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ርዕሱ ደረቅ እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ ከምታውቁት መንገድ ልጀምር፤ ከቦሌ መንገድ።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. ጠዋት ነው። የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ገብተዋል። ከአየር ማረፊያው ወጥተው ብዙም ሳይርቁ ታጣቂዎች መንገዱን ዘግተው ተኩስ ከፈቱ። ፕሬዚዳንቱን መኪናቸው አዳናቸው፤ ጥይት የማይበሳው ነበር። መኪናው እዚያው ዞሮ ወደ አየር ማረፊያው ተመለሰ፤ እሳቸውም ጉባኤውን ትተው ወደ ካይሮ ሄዱ። ፖሊሶቻችን ግን ሕይወታቸውን አጡ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም። እኔ ግን የዚያን ቀን የከተማውን ድንጋጤ አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የወረቀት ሥራ ነው፤ የዛሬው ወሬዬም እሱ ነው። ኢትዮጵያ ከተጠርጣሪዎቹ ሦስቱ ሱዳን ገብተዋል ብላ አሳልፋ እንድትሰጣት ካርቱምን ጠየቀች። በምን ሕግ? በ1964 ሁለቱ አገሮች በተፈራረሙት ወንጀለኛን አሳልፎ የመስጠት ስምምነት። ጥሩ ነው፤ እሱስ ነበረን። ግን ሌላም ነበር። የአገር መሪዎችንና ዲፕሎማቶችን ከጥቃት ለመጠበቅ የተባበሩት መንግሥታት በ1973 ያወጣው ኮንቬንሽን አለ። አንድ ፕሬዚዳንት በሰው አገር መንገድ ላይ ሲተኮስባቸው ምን እንደሚደረግ የሚናገረው ሰነድ ይህ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ኮንቬንሽን የተቀላቀለችው በ2003 ነው። ጥቃቱ ከደረሰ ከስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደነገጥኩ። ኮንቬንሽኑ ውስጥ ብንሆን ኖሮ ሰዎቹ በማግስቱ ይሰጡን ነበር እያልኩ አይደለም። ካርቱም ሰዎቹ እኔ ዘንድ የሉም ባይ ነበረች። ወረቀት ብቻውን እንዲህ ያለውን ነገር አይፈታም። ግን ከተማችን ውስጥ ለተፈጸመ ወንጀል ተብሎ የተጻፈ ሰነድ ኒው ዮርክ ተቀምጦ፣ እኛ ሳንነካው ዓመታት ማለፋቸው ያሳዝነኛል። ያኔ ክፋት ያሰበ ባለሥልጣን ነበር ብዬም አላምንም። ሰነዱ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ያወጣው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ መሳቢያ ላውራችሁ።

ብዙ ሰው «አገራችን ስምምነቱን ፈርማለች» ሲባል ነገሩ አለቀ ይመስለዋል። ፊርማ ግን በአብዛኛው የሐሳብ መግለጫ ነው። ቃልኪዳኑ የሚጸናው ሲጸድቅ ነው። በእኛ አገር አስፈጻሚው አካል የተዋዋለውን ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ ተጽፏል። የጸደቀው ደግሞ በአንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ትልቅ ነገር ነው። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ስለሆነም መንገዱ ረጅም ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያጠናዋል። የፍትሕ ሰዎች ከነባሩ ሕግ ጋር ያስተያዩታል። ውጭ ጉዳይ አለበት። ሚኒስትሮች ምክር ቤት አለ። ከዚያ ፓርላማ፣ ቋሚ ኮሚቴ፣ አዋጅ፣ ነጋሪት ጋዜጣ። ይህም ሁሉ ሆኖ አላለቀም። የማጽደቂያ ሰነዱ ተፈርሞ ለተረካቢው መድረስ አለበት። እስኪደርስ ድረስ፣ በዓለም ፊት ገና አባል አይደለንም።

ተረካቢው ማነው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ቦታ ነው። የፀረ ሽብር ስምምነቶች አንድ ቤት የላቸውም። የቦምብ ጥቃትንና የሽብር ገንዘብን የሚመለከቱት ሰነዶች የሚሄዱት ኒው ዮርክ፣ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ነው። በ1963 ቶኪዮ ላይ የተፈረመው፣ በአውሮፕላን ውስጥ ስለሚፈጸም ወንጀል የሚናገረው፣ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ወዳለበት ወደ ሞንትሪያል ይሄዳል። ስለ አውሮፕላን ጠለፋ በ1970 ዘ ሄግ ላይ የተፈረመው ሰነድ ተረካቢዎች ደግሞ ዋሽንግተን፣ ለንደንና ሞስኮ ናቸው። የመርከብ ጉዳይ ለንደን ካለው የባሕር ድርጅት፣ የኑክሌር ቁስ ጥበቃ ቪየና ካለው የአቶሚክ ኤጀንሲ። አሁን ራሳችሁን በአንድ አነስተኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ውስጥ አስቀምጡ። የስምምነት ጉዳይ የሚይዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። የንግዱም፣ የአካባቢ ጥበቃውም፣ የብድሩም ውል ጠረጴዛቸው ላይ ተከምሯል። ደብዳቤው «ይመለከተዋል» ተብሎ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይመራል። ሁለተኛው ክፍል «አስተያየት ይሰጥበት» ብሎ ወደ ሦስተኛው ይመራዋል። ባለሙያው ይቀየራል። ፋይሉ ያድራል፤ ይከርማል።

በሴፕቴምበር 2001 ዓለም የነበረችው እንዲህ ነው። ያኔ 12 የፀረ ሽብር ኮንቬንሽኖችና ፕሮቶኮሎች ነበሩ። ሁሉንም 12ቱን ያጸደቁ አገሮች ስንት ይመስሏችኋል? ሁለት። አንዷ ብሪታኒያ ናት። ሁለተኛዋን ብዙ ጊዜ ስጠይቅ ሰው አሜሪካ ይለኛል፤ ፈረንሳይ የሚልም አለ። ቦትስዋና ናት። አዎ፣ የእኛዋ ቦትስዋና። ባሕር የሌላት አገር ናት። ከ12ቱ ውስጥ ደግሞ አንዱ ባሕር ላይ ስለተተከሉ የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ደህንነት ነው። እሱንም አጽድቃዋለች። «እኛን ምን አገባን» አላለችም። ባሕር ላይ ወንጀል የፈጸመ ሰው መሸሸጊያ ፍለጋ ወደ ደረቅ መሬት ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ ሕግ ይጠብቀው እንደማለት ነው።

ቦትስዋና ይህን የጨረሰችበት አጋጣሚ ለዛሬው ጉዳያችን ትምህርት አለው። በ2000 የሚሌኒየም ጉባኤ ነበር። መሪዎቹ ሁሉ ኒው ዮርክ ይመጣሉ። ዋና ጸሐፊው ኮፊ አናን ቀደም ብለው ለመሪዎቹ ደብዳቤ ጻፉ። ይዘቱ ባጭሩ፣ መምጣታችሁ ካልቀረ እነዚህን 25 ዋና ዋና ስምምነቶች እያያችሁ ያልፈረማችሁትን ፈርሙ፣ ያላጸደቃችሁትን አጽድቁ የሚል ነው። ጠረጴዛ ተዘጋጀ፣ እስክሪብቶ ተዘጋጀ፣ ካሜራ ተዘጋጀ። ቦትስዋና የሽብር ገንዘብን የሚከለክለውን ኮንቬንሽን በሴፕቴምበር 8 ፈርማ በዚያው ቀን የማጽደቂያ ሰነዷን አስረከበች። ስሪላንካም ቀደም ብላ የፈረመችውን በዚያው ቀን አጸደቀች።

ይህ ዘዴ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሰው የሚሠራበትን መንገድ ያወቀ ዘዴ ነው። መሪው ሊጓዝ ሁለት ወር ሲቀረው አማካሪው «ምን እንፈርማለን?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ መሳቢያው ይከፈታል። ቀን የተቆረጠለት ሥራ ይሠራል። ይህ የስምምነት ዝግጅት ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤው ሰሞን ይካሄዳል። በ2005 የኑክሌር ሽብርን የሚከለክለው ኮንቬንሽን ለፊርማ የተከፈተው በመሪዎች ጉባኤ ቀን ነው። መጀመሪያ የፈረሙት የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን ነበሩ፤ ሐሳቡን በ1998 ያመጣችው አገራቸው ናት።

ወደ 2001 ልመለስ። ከኒው ዮርኩና ከዋሽንግተኑ ጥቃት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 28፣ የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 1373ን አሳለፈ። ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ግን በዚያው ቀን ከእሱ አስቀድሞ የተላለፈ ውሳኔ አለ፤ 1372። ምን ነበር? በሙባረክ ጉዳይ ሱዳን ላይ ተጥሎ የነበረውን ማዕቀብ የሚያነሳ ነው። ማዕቀቡ በ1996 ነበር የመጣው፤ ውሳኔ 1044 ሱዳን ሰዎቹን እንድትሰጥ ጠየቀ፣ ካልሰጠች በኋላ 1054 ማዕቀብ ጣለ። ይነሳላት ብለው የደገፉትም ኢትዮጵያና ግብፅ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የቦሌ መንገዱ ፋይል የተዘጋበት ቀንና አዲሱ የፀረ ሽብር ዘመን የተከፈተበት ቀን አንድ ናቸው። ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙ አልገጠመኝም። ታሪካችን ከዚህ ጉዳይ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ የሚያሳይ ይመስለኛል።

1373 ምን አለ? የሕግ ተማሪዎች እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ውሳኔው ሁለት ዓይነት ቃል ይጠቀማል። ለሽብር ገንዘብ መስጠትን ወንጀል አድርጉ፣ የአሸባሪን ገንዘብ አግዱ ሲል «ይወስናል» ይላል፤ አስገዳጅ ነው። ኮንቬንሽኖቹን በተቻለ ፍጥነት አጽድቁ ሲል ግን ቃሉ «ይጠይቃል» ነው። ለምን? አንድ አገር የውል አባል የሚሆነው ወዶ ነው። ምክር ቤቱ ያን መስመር በግልጽ ለመሻገር አልፈለገም። ግን ገና ያልጸናውን የሽብር ገንዘብ ኮንቬንሽን እምብርት አውጥቶ ግዴታ አድርጎታል። ጸጥታው ምክር ቤት ሕግ አውጪ ሆነ ብለው የተቹ ምሁራን አሉ፤ ትችቱ ቀላል አይደለም። አሥራ አምስት አገሮች ለሁሉም ሕግ ሲያወጡ፣ የእያንዳንዱ አገር ፓርላማ ምን ይሠራል?

ውሳኔውን የሚከታተል ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር የብሪታኒያው አምባሳደር ሰር ጄረሚ ግሪንስቶክ ነበሩ። እኚህ ሰው የሠሩትን ሥራ አደንቃለሁ። እያንዳንዱ አገር በ90 ቀን ውስጥ ሪፖርት እንዲያቀርብ ተጠየቀ። የትኞቹን ስምምነቶች አጽድቃችኋል? ያልጸደቁትስ መቼ ይጸድቃሉ? ሪፖርቱ ሲመጣ ኮሚቴው አንብቦ ጥያቄ ይልካል። አገሩ ይመልሳል። ኮሚቴው ደግሞ ይጠይቃል። ማንንም ጥፋተኛ ብሎ አልፈረደም፤ የጥቁር መዝገብ ዝርዝር አላወጣም። ሕግ አርቃቂ የሌለው አገር ካለ፣ አርቃቂ ሊልክ ከሚችል ጋር አገናኘ። በመጨረሻ የድርጅቱ አባል አገሮች በሙሉ ቢያንስ አንድ አንድ ሪፖርት አስገቡ። በተባበሩት መንግሥታት ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

ቁጥሩን ተመልከቱ። የሽብር ገንዘብ ኮንቬንሽን እንዲጸና 22 አገሮች ማጽደቅ ነበረባቸው። በሴፕቴምበር 2001 ያጸደቁት አራት ነበሩ፤ ቦትስዋና፣ ስሪላንካ፣ ብሪታኒያና ኡዝቤኪስታን። በኤፕሪል 2002 ኮንቬንሽኑ ጸና። ዛሬ አባላቱ ከ180 በላይ ናቸው። ፍርሃት ነው እንዲህ ያፋጠነው? አዎ፣ ፍርሃትም አለበት። የኃያላን ግፊትም አለበት። ግን ፍርሃት ሕግ አያረቅም፤ ያን የሠሩት ከየዋና ከተማው መሳቢያውን የከፈቱ ሰዎች ናቸው።

የአፍሪካን ነገር በተለይ ማንሳት እፈልጋለሁ። አፍሪካ ከሌላው ቀድማ ነበር፤ ይህ ይረሳል። በኦገስት 1998 ናይሮቢና ዳሬሰላም ያሉት የአሜሪካ ኤምባሲዎች ሲመቱ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኬንያውያን ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በጁላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች አልጀርስ ላይ የራሳቸውን የፀረ ሽብር ኮንቬንሽን ተቀበሉ። ከሴፕቴምበር 11 ሁለት ዓመት በፊት ነው። እንዲጸና የሚያስፈልገው 15 አገር ብቻ ነበር። እስከ ዲሴምበር 2002 ጠበቀ። መሀል ላይ የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት አብዱላዬ ዋድ በኦክቶበር 2001 መሪዎችን ዳካር ጠርተው ባወጡት መግለጫ፣ አልጀርስ የፈረማችሁትን አጽድቁ ብለው ወተወቱ።

የበለጠ የሚያመኝ ግን ፕሮቶኮሉ ነው። በጁላይ 2004 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ለአልጀርሱ ኮንቬንሽን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ተቀበሉ። ኮንቬንሽኑ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያስፈጽም ነው፤ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱን ሥራ ከእሱ ጋር ያያይዛል። አሁንም የሚያስፈልገው 15 ማጽደቂያ ነው። 54 ገደማ አገር ባለበት አህጉር 15። ፕሮቶኮሉ የጸናው በፌብሩዋሪ 2014 ነው። አሥር ዓመት ሊሞላ ወራት ሲቀሩት። በእነዚያ ዓመታት ካምፓላ ውስጥ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲያዩ የነበሩ ሰዎች በቦምብ ሞተዋል። ናይሮቢ ውስጥ የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ተወርሯል። ቦኮ ሐራም ተነስቷል። ፕሮቶኮሉ ግን ፊርማ ይለቅማል።

አህጉሩ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር እንዳትሉኝ። በ2004 አልጀርስ ላይ የሽብር ጥናትና ምርምር ማዕከል ተከፍቷል። በ2010 ኅብረቱ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ተወካይ ሾመ፤ ሞዛምቢካዊው ፍራንሲስኮ ማዴራ። ከሥራቸው አንዱ በየዋና ከተማው እየዞሩ «ፋይሉ የት ደረሰ?» ማለት ነበር። በ2011 መሪዎቹ ማላቦ ላይ ሞዴል ሕግ ተቀበሉ፤ አገሮች ከባዶ ወረቀት እንዳይጀምሩ። እዚህ ቀጠናችንም በ2006 ኢጋድ በአዲስ አበባ የፀረ ሽብር አቅም ግንባታ ፕሮግራም ጀመረ። ዳኞችን፣ ዐቃቤ ሕጎችንና የድንበር ፖሊሶችን በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠ። ከዚያ ሥራ የወጣ ነው ብዬ የምቆጥረው፣ የኢጋድ አገሮች በዲሴምበር 2009 ጅቡቲ ላይ የፈረሟቸው ሁለት ኮንቬንሽኖች ናቸው፤ አንዱ ወንጀለኛን አሳልፎ ስለመስጠት፣ ሌላው በወንጀል ምርመራ ስለመረዳዳት። ኢትዮጵያና ሱዳን በ1995 ያጡት ይህን ነበር፤ ሁሉም ጎረቤት በአንድ ላይ የሚገባበት ቤት።

መዘግየት የደሃ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደግሞ አሜሪካን ላንሳ። ያን የ2005ቱን የኑክሌር ሽብር ኮንቬንሽን አሜሪካ በተከፈተበት ቀን ፈረመች። ሴኔቱ በ2008 ተስማማ። ማስፈጸሚያ ሕጉ ኮንግረስ ውስጥ ተጓትቶ የማጽደቂያ ሰነዱን ያስረከበችው በሴፕቴምበር 2015 ነው። አሥር ዓመት። ሌላውን ቶሎ በል እያለች፣ የራሷ ፋይል በራሷ ምክር ቤት ውስጥ አድሮ ነበር። የዚህ ዓይነት ነገር ሌላውን ለመገፋፋት የሚያስፈልገውን ቃል ያሳሳል። አንድ አምባሳደር «እናንተስ?» ከተባለ ጨዋታው አለቀ።

ከመሳቢያው ሌላ፣ ለመዘግየቱ ሁለተኛው ምክንያት የቃሉ ፍቺ ነገር ነው። አሸባሪ ማነው? ህንድ በ1996 ሁሉን አቀፍ የሆነ አንድ ኮንቬንሽን ይውጣ አለች። እስከ ዛሬ አልወጣም። ጠቡ በዋናነት በነጻነት ትግል ላይ ነው። የአልጀርሱ ኮንቬንሽን ሕዝቦች ከቅኝ ግዛትና ከወረራ ለመውጣት የሚያደርጉትን ትግል ሽብር አይደለም ይላል። ግብፅ፣ ዮርዳኖስና ሶሪያ የገንዘቡን ኮንቬንሽን ሲቀበሉ ይህንኑ በተአቅቦ፣ ማለትም ውሉን የምንቀበለው በዚህ ገደብ ነው ብለው በጽሑፍ፣ አስቀመጡ፤ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ተቃወሟቸው። ዲፕሎማቶች ይህን እግረ መንገዳቸውን አልፈውታል፤ አንድ ትልቅ ፍቺ ስላልተገኘ አንድ አንድ ድርጊት እየያዙ ስምምነት ጻፉ። ጠለፋ፣ እገታ፣ ቦምብ፣ ገንዘብ። ብልህ አካሄድ ነው እላለሁ። አውሮፕላን መጥለፍ ጠላፊው ማንም ይሁን ጠለፋ ነው።

አሁን ጥርስ ስላለው ግፊት። ኢትዮጵያ የሽብር ገንዘብ ኮንቬንሽንን የተቀላቀለችው በ2012 ነው። 1373 ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ምን ተገኘ? ፋትፍ የሚባለው፣ የገንዘብ ዝውውርን የሚከታተለው የመንግሥታት ግብረ ኃይል፣ ከ2010 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጉድለት አለባቸው ከሚላቸው አገሮች ጋር አስቀምጧት ነበር። ይህን ኮንቬንሽን ማጽደቅና መፈጸም ደግሞ ከፋትፍ መስፈርቶች አንዱ ነው። በ2013 አዋጅ ቁጥር 780 ወጣ፤ በ2014 ከዝርዝሩ ወጣን። በ2017 ተመልሰን ገባን፤ በ2019 ደግሞ ወጣን። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ማለት የውጭ ባንክ ከአገራችን ባንክ ጋር ሲሠራ ዓይኑን ያጠባል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ ለእናቱ ገንዘብ የሚልከው ልጅ ጋ ሊደርስ የሚችል ጣጣ ነው። የአምባሳደር ደብዳቤ ለዓመታት ያልከፈተውን መሳቢያ የባንክ ስጋት ቶሎ ይከፍተዋል።

ግን እጠነቀቃለሁ። ችኮላ የራሱ ጉዳት አለው። በኖቬምበር 2001 አሜሪካ አል ባረካት የተባለውን የሶማሊያ ገንዘብ ላኪ ድርጅት ንብረት አገደች። በዚያ ድርጅት ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ስንት ቤተሰቦች በአንድ ጀምበር ገንዘባቸው ተቋረጠ። ባንክ የሌለበት አገር ውስጥ ሐዋላ ማለት ዳቦ ነው።

በእኛም አገር ያየነው አለ። 1373 ሽብር ምን ማለት እንደሆነ አይተረጉምም፤ ሕግ አውጡ ይላል እንጂ ስለ ፍቺው ዝም ይላል። በ2009 አዋጅ ቁጥር 652 ሲወጣ ፍቺው እጅግ ሰፊ ነበር። ጋዜጠኞች፣ ጦማሪዎችና ፖለቲከኞች በዚህ ሕግ ተከሰው ታስረዋል። ብዙዎቹ በ2018 ተፈቱ፤ ሕጉም በ2020 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። ወደ ውጭ ስንመለከት «ዓለም አቀፍ ግዴታችንን ተወጣን» እንል ነበር። ልዩነቱን አስተውሉ፤ ኮንቬንሽኖቹ የሚናገሩት ስለ ጠለፋ፣ ስለ እገታ፣ ስለ ቦምብ ነው። ጽሑፍ የጻፈን ሰው እሰሩ የሚል አንድም ኮንቬንሽን የለም። ስለዚህ አጽድቁ ብሎ የሚወተውት ዲፕሎማት፣ የሚወጣውን ማስፈጸሚያ ሕግ አንብቦ መናገርም አለበት። ማጽደቂያውን ቆጥሮ ወደ ቤቱ ከሄደ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

ሕጉን ማንበብ ስል፣ ማግኘትም ሌላ ችግር ነው። የማጽደቂያ አዋጆቻችን አጫጭር ናቸው። የስምምነቱ ሙሉ ቃል ብዙ ጊዜ ነጋሪት ጋዜጣው ላይ አይወጣም። አንድ ጊዜ ያጸደቅነውን ስምምነት የአማርኛ ቅጂ ፈልጌ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሦስት ክፍል ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው «እንግሊዝኛው ኢንተርኔት ላይ አለ» አሉኝ። አንድ የወረዳ ዳኛ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው የተባለውን ነገር በሥራ ቋንቋው ካላገኘው በምን ይፈርዳል?

ስለ ውጤት ካልነገርኳችሁ ግን ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም የሚበር የኢትዮጵያ አውሮፕላን በገዛ ረዳት አብራሪው ተጠልፎ ንጋት ላይ ጄኔቭ አረፈ። ውስጡ 200 ያህል ሰው ነበር፤ ሁሉም በሰላም ወጡ። ረዳት አብራሪው በኮክፒቱ መስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ። ኢትዮጵያ አሳልፋችሁ ስጡኝ አለች። ስዊዘርላንድ አልሰጥም አለች። ብዙዎቻችን ተናደድን። ግን ነገሩ እዚያ አላቆመም። ሁለቱም አገሮች የ1970ው የዘ ሄግ ኮንቬንሽን አባል ናቸው። ኮንቬንሽኑ ደግሞ «ወይ አሳልፈህ ስጥ፣ ወይ ራስህ ዳኝ» ይላል። ስዊዘርላንድ ሰውየውን መልቀቅ አትችልም ነበር። ዐቃቤ ሕጓ ምርመራ ከፈተ። በኋላ ፍርድ ቤቷ ሰውየው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ተጠያቂ እንደማይሆን አይቶ ሕክምና አዘዘ። የእኛ ፍርድ ቤት በሌለበት 19 ዓመት ከ6 ወር ፈርዶበታል። በሁለቱ ፍርዶች ልትከራከሩ ትችላላችሁ። የቦሌውን ተጠርጣሪዎች ጉዳይ ከዚህ ጋር አስተያዩት ግን። እዚያ ተጠያቂው የት ነው የሚለው ራሱ ዓመታት ፈጀ። እዚህ በማለዳው ዐቃቤ ሕግ ደረሰ። ኢትዮጵያ የዘ ሄጉን ኮንቬንሽን የተቀላቀለችው በ1979 ነው። ያኔ ያን ፋይል ከመሳቢያ ያወጣውን ሰው ስም አላውቅም። ከ35 ዓመት በኋላ ሥራው ጄኔቭ ላይ ተቆጠረ።

ንግግሬን ስጨርስ ከጥያቄዎቹ አንዱ እዚህ መግባት አለበት ብዬ አሰብኩ። አንዲት ተማሪ ተነስታ «ነገ ተቀጥሬ የስምምነቶች ክፍል ብመደብ የመጀመሪያው ቀን ምን ልሥራ?» አለችኝ።

እንዲህ አልኳት፦ አገራችን ፈርማ ያላጸደቀቻቸውን ስምምነቶች ዝርዝር ጠይቂ። ከሌለ አንቺ አዘጋጂው። በእያንዳንዱ አጠገብ ሦስት ነገር ጻፊ፤ ፋይሉ ዛሬ በየትኛው ክፍል፣ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ ምን እንደጎደለው፣ ሲጸድቅ ሰነዱ ወደ የትኛው ከተማ እንደሚላክ። መስከረም ላይ ኒው ዮርክ ማን እንደሚሄድ አጣሪና ዝርዝሩን ጉዞው ሦስት ወር ሲቀረው ስጪው። ከዚያ ስልኩን አንሺና ከዝርዝሩ አናት ጀምረሽ ደውዪ።